ዋጊኖስና ጀምስ ብሩስ

በደጋና በወይና ደጋ ጫካዎች ዳር፣ በተለይም ዛፉ ተመንጥሮ መሬቱ እንደ ገና ቁጥቋጦ በለበሰበት ስፍራ፣ በአማርኛ ዋጊኖስ፣ በኦሮምኛ ቆሞኞ እየተባለ የሚጠራ ተክል ይበቅላል። ቁመናው የመንገደኛን ዓይን የሚስብ አይደለም፤ አበባውም እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ቀርቦ ያላስተዋለው ሰው አበባ መኖሩን እንኳ ልብ አይልም። የባህል መድኃኒት ዐዋቂ ግን ከሩቅ ይለየዋል፤ ቅጠሉን የቀመሰ ሁሉ ምሬቱን አይረሳውም። ይኸው ተክል በሳይንሱ ዓለም የሚታወቀው ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ በሚል የላቲን ስም ነው። የስሙ የኋለኛው ክፍል ተክሉ ያድነዋል የተባለውን የደም ተቅማጥ ሲያመለክት፣ የፊተኛው ክፍል ደግሞ ከ250 ዓመታት በፊት ወደ ጎንደር የመጣውን የስኮትላንድ ተወላጅ ጀምስ ብሩስን ያስታውሳል። አንድ የዕፅዋት ስም ግን የሚያስታውሰው እንዳለ ሁሉ የማያስታውሳቸውም አሉት። የብሩስ ሕይወትና የዋጊኖስ ታሪክ አብረው ሲነበቡ ይህ እውነት ጎልቶ ይታያል።

ጀምስ ብሩስ የተወለደው በስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተችበት። በእንግሊዝ አገር ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ጀመረ፤ ነገር ግን ሙያው ከጠባዩ ጋር ስላልተስማማ ብዙም ሳይገፋበት ተወው። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ በዚያው ንግድ ተሰማራ። ሆኖም ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ በዚያው ዓመት በፓሪስ ዐረፈች። ከዚህ ሐዘን በኋላ ንግዱን ሰበብ አድርጎ ወደ ስፔይንና ወደ ፖርቱጋል ተጓዘ፤ የዐረብኛንም ትምህርት በብርቱ ያዘ። በ1758 አባቱ ሲሞት ርስቱን ወረሰ፤ ከመሬቱ ሥር የሚወጣው የድንጋይ ከሰልም ለቀጣዩ ጉዞው የሚበቃ ገንዘብ አስገኘለት።

የኢትዮጵያን ነገር በልቡ ያሳደሩበት መጻሕፍት ናቸው። የጀርመኑ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ዓመት ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ለብሩስ የመጀመሪያ መምህራን ሆኑለት። ስለዚህ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ ከመድረሱ በፊት በእጁ የነበረው ዕውቀት ራሱ ከአንድ ኢትዮጵያዊ አንደበት የፈለቀ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1763 በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በዚያም ሳለ ከዐረብኛው ጋር ስለ ሕክምና መጠነኛ ዕውቀት ቀሰመ። ሥራውን በ1765 ከለቀቀ በኋላ በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ ሲያጠና ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ በ1737 የተወለደ፣ የሕንፃ አነሣሥ የተማረ፣ እጀ ብልህ ወጣት ነበር። በሊቢያ የባሕር ዳርቻ መርከባቸው ተሰብራ ብሩስ ለጥቂት ከሞት ተረፈ፤ መሣሪያዎቹም ባሕር ገቡ። ከዚያ ወደ ሶርያ ተሻግሮ ፓልሚራንና በዓልበክን ጎበኘ። በሐለብ ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ፓትሪክ ራስል በሽታን ስለ መለየትና መድኃኒትን ስለ መስጠት አስተማረው። የፈረንሳዩም ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ከዋክብትን እየለካ የቦታን አቀማመጥ የሚያውቅበት መሣሪያ እንዲሰጠው አዘዘለት። ብሩስ ከእነዚህ ሁለት ስጦታዎች ይበልጥ የጠቀመው የቱ እንደ ሆነ ጎንደር ከገባ በኋላ ታወቀ።

በ1768 እስክንድርያ ደረሰ፤ ዓባይን ተከትሎ እስከ አስዋን ከወጣ በኋላ ወደ ቀይ ባሕር አቅንቶ በጂዳ በኩል በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ገባ። የምጽዋው ናይብ ብዙ ካጉላላው በኋላ ወደ ደጋው ወጣ፤ አድዋንና አክሱምን አይቶ፣ ሊማሊሞን አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ የጎንደር መንግሥት የተናጋበት፣ ሥልጣኑም በትግሬው መስፍን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የገባበት ነበር። በዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ሲሆኑ፣ አረጋዊቷ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ግቢያቸው ይኖሩ ነበር።

ብሩስ ወደ ከተማዪቱ ሲገባ ንጉሡም ራስ ሚካኤልም በዘመቻ ላይ ነበሩ። ጎንደርን የያዛት ግን ከጦርነት የከፋ ጠላት፣ ፈንጣጣ ነበር። በቁስቋም የነበሩት የመሳፍንቱ ልጆች ታመው ነበርና እቴጌይቱ እንግዳው መድኃኒት እንደሚያውቅ ሰምተው አስጠሩት። ብሩስ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፤ ቤቱን በሆምጣጤ አሳጠበ፤ በዕጣንና በከርቤም አሳጠነ። አንዳንዶቹ ሕፃናት ሲሞቱ ሌሎቹ ዳኑ፤ ከዳኑትም መካከል የራስ ሚካኤል ባለቤት የወይዘሮ አስቴር ልጅ ይገኝበታል። ብሩስን በቤተ መንግሥት ያስከበረው የእንግሊዝ ንጉሥ ደብዳቤ ወይም የጦር መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ይህ ሕክምናው ነው። ከዚያ ወዲህ ያቆብ እየተባለ ተጠራ፤ የንጉሡ ባለሟል ሆነ፤ ቆየት ብሎም በምዕራቡ ጠረፍ የምትገኘው የራስ ኤል ፊል ግዛት በስሙ ተሰጠችው።

በጎንደር በቆየባቸው ጊዜያት ብሩስ የታሪክ መጻሕፍትን ያሰባስብ፣ የአየሩን ሁኔታ ይመዘግብ፣ የዕፅዋትንም ጠባይ ይከታተል ነበር። ኮሶን፣ ጤፍን፣ እንሰትን፣ ቁልቋልንና ሌሎችንም ተክሎች በዝርዝር ገልጾ ጽፏል። ይህን ሲያደርግ አንድ የሚመሰገን ልማድ ነበረው፤ ተክሉን ከአገሩ ሰው በሰማው ስም መዝግቦ፣ የት እንደሚበቅል፣ ሰው ለምን እንደሚጠቀምበትም ይጽፋል። ኮሶ ለሆድ ትል፣ ጤፍ ለእንጀራ፣ የእንሰት ሥርና ግንድ ለምግብ እንደሚውሉ ለአውሮፓ አንባቢ በሰፊው ያስረዳው እሱ ነው። ሥዕሉ ግን በአብዛኛው የባሉጋኒ ድካም ነበር። ሠዓሊው ቅርንጫፉን ከፊቱ አስቀምጦ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን እየለየ በቀለም ይሥል ነበር።

በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ብሩስ በሰከላ ከሚገኘው ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደረሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የነበረውን ስፍራ ሲያይ የተሰማው ደስታ ወዲያው በሐዘን እንደ ተተካ ራሱ ጽፏል። የዓባይን ምንጭ ከአውሮፓውያን ሁሉ ቀድሞ ያየ እሱ ብቻ እንደ ሆነ ለዓለም ለማሳመን የነበረው ጽኑ ፍላጎት ግን በሥራው ላይ ጥላ ጣለበት። ስፔይናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ይህንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ነበር፤ ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት ሊያስተባብል ብዙ ደከመ። ከዚህም የሚከፋው በባሉጋኒ ላይ ያደረገው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሠዓሊው ከዚህ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ አቀረበ። ባሉጋኒ በእጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ግን ተገኝቷል፤ እሱም ወደ ግሽ አብሮ መውጣቱን ይመሰክራል። ባሉጋኒ የሞተው ከዚያ በኋላ በ1771 ሲሆን፣ አስከሬኑ በጎንደር ምድር ቀረ።

በዚያው ዓመት በሰርባኩሳ በተደረገው ጦርነት ራስ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። ጤናው የታወከው ብሩስ ወደ አገሩ ለመመለስ ፈቃድ ጠይቆ በዲሴምበር 1771 ከጎንደር ወጣ። የመረጠው መንገድ በምዕራብ በኩል ወደ ቆላ ወርዶ በሰናር አድርጎ ወደ ግብፅ የሚወስደውን ነበር። ከጎንደር ከመነሣቱ በፊት የደም ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ ራስ ኤል ፊል ሲደርስ በሽታው ጠናበት። በዘመኑ የአውሮፓ ሐኪሞች የሚያዝዙትን መድኃኒት ሁሉ ሞክሮ ለጊዜው ቢሻለውም ሕመሙ ደጋግሞ ይመለስበት ነበር። ከፊቱ ያለው የሰናር በረሃ ነው፤ በዚያ ሁኔታ መጓዝ ወደ ሞት እንደ መሄድ ይቆጠር ነበር።

ሕይወቱን ያተረፈለት ከቋራ ጠረፍ የመጣ አንድ የቆላ ሕዝብ አለቃ መሆኑን ብሩስ በመጽሐፉ ይተርካል። ያ ሰው የዋጊኖስ ሥር ልጥ ደርቆና ተፈጭቶ እንዲወሰድ አስተማረው። ብሩስም እንደ ታዘዘው አድርጎ ብዙም ሳይቆይ ኃይሉ ተመለሰለት። ከዚህ በኋላ ተክሉን በጥንቃቄ መረመረ፤ ዘሩንም ከሻንጣው አኖረ። ለንጉሥ ልጆች ሐኪም የነበረው ሰው በተራው ታማሚ ሆኖ ከአገሬው ሰው መድኃኒት ተቀበለ። የዋጊኖስ የሳይንስ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች ቀን ነው።

በሰናር ወራት ያህል ከተጉላላ በኋላ የኑቢያን በረሃ አቋርጦ በ1772 መጨረሻ ላይ አስዋን ገባ። በመንገድ ግመሎቹ ስላለቁ መጻሕፍቱንና መሣሪያዎቹን ሥዕሎቹንም በአሸዋ ላይ ጥሎ እግሩ እየቆሰለ ከአስዋን ደረሰ፤ ነገር ግን ዕረፍት ሳይል ግመል ተከራይቶ ተመልሶ ንብረቱን አነሣ። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ የግዕዝ መጻሕፍቱም የባሉጋኒ ሥዕሎችም የዋጊኖስ ዘርም በበረሃ በቀሩ ነበር።

በ1773 ፈረንሳይ ሲደርስ ታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ ቡፎን በክብር ተቀበለው። ብሩስ በአውሮፓ ሙሉው ጠፍቶ የነበረውን የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። ሌላው ቅጂ በኦክስፎርድ ተቀምጦ ሪቻርድ ሎሬንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። በ1774 ለንደን ሲገባ የጠበቀው አቀባበል ግን የተለየ ነበር። በመጀመሪያ ሁሉም ሊሰማው ቢጓጓም፣ ከቁም ከብት ላይ ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ብሎ በተናገረ ጊዜ ጉጉቱ ወደ ፌዝ ተለወጠ። የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ በወጣትነቱ የተረጎመው ታዋቂው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ መሄዱን ተጠራጠረ። ኩሩና ቁጡ የነበረው ብሩስ ይህን ነቀፌታ ሊታገሥ አልቻለም፤ ወደ ኪኔርድ ተመልሶ በ1776 ሁለተኛ ሚስቱን አግብቶ በርስቱ ተቀመጠ።

ሰው ያላመነውን ነገር ዘር መሰከረለት። ብሩስ ያመጣቸው ዘሮች በኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት መናፈሻ ተዘርተው ዋጊኖስ በቀለ። የለንደን ሰዎች ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ጦርነቱ የተነገራቸውን ሊክዱ ይችላሉ፤ በዓይናቸው ፊት ቅጠል ያወጣውን፣ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የማይታወቀውን ተክል ግን ሊክዱት አልቻሉም። የተፈጥሮ ሥዕል ባለሙያው ጆን ፍሬድሪክ ሚለር በ1779 የተክሉን ሥዕል አሳትሞ ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ ብሎ ሰየመው። ይህ የሆነው ብሩስ የጉዞ መጽሐፉን ከማሳተሙ ከ11 ዓመት በፊት ነው። ጥቂት ቆይቶም ፈረንሳዊው ሌሪቲየር ይህንኑ ተክል ከለጋ ቅርንጫፉና ከቅጠሉ ጠጉር ቀለም በመነሣት ዝገት መሰል በሚያሰኝ ሌላ ስም ጠርቶት ነበር፤ በቀዳሚነት ደንብ መሠረት ግን የሚለር ስያሜ ጸና።

ብሩሴያ የተባለው የዕፅዋት ወገን ሲማሩባሴ ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። የዚህ ቤተሰብ አባላት የጋራ ምልክት ምሬት ነው፤ ልጡም ቅጠሉም ፍሬውም ይመራል። የወገኑ ዝርያዎች ከአሥር የማይበልጡ ሲሆኑ፣ የሚገኙትም ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ በሚዘረጋው የአሮጌው ዓለም ሞቃት ክፍል ነው። ከዋጊኖስ ሌላ በአፍሪካ ጊኔንሲስና ቴኑይፎሊያ የተባሉት፣ በእስያም ሞሊስና ጃቫኒካ የተባሉት ይጠቀሳሉ። ከነዚህ መካከል ጃቫኒካ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ፍሬዋ ለደም ተቅማጥና ለወባ የሚሰጥ ዝነኛ መድኃኒት ናት። እርስ በርስ ያልተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ በቋራ ቆላ ሌላው በቻይና፣ የአንድ ወገን ተክሎችን ለአንድ ዓይነት በሽታ መምረጣቸው ሊቃውንትን ለምርምር ያነሣሣ ጉዳይ ነው።

የወገኑ ተክሎች እሾህ የሌላቸው ቁጥቋጦዎች ወይም ትናንሽ ዛፎች ናቸው። ዋጊኖስ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሜትር አይበልጥም። ቅጠሎቹ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱም ቅጠል በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ከተደረደሩና አንዱ በጫፉ ከሚቆም ንዑሳን ቅጠሎች የተሠራ በመሆኑ ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው። ለጋው ክፍል በዝገት ቀለም ጠጉር ይሸፈናል። አበባዎቹ እጅግ ጥቃቅን፣ አረንጓዴ ቢጫ ሆነው ረዘም ባለ ዘለላ ላይ ይወጣሉ። አሠራራቸውም በአራት ቁጥር የጸና ነው፤ አራት የውጭ ሽፋን፣ አራት የአበባ ቅጠል፣ አራት የወንዴ ዘንግ፣ እርስ በርስ ያልተጣበቁ አራት የሴቴ ክፍሎች አሏቸው። ብዙውን ጊዜ በአንዱ አበባ ውስጥ ከወንዴውና ከሴቴው ክፍል አንደኛው ብቻ ይጎለምሳል። ከአራቱ የሴቴ ክፍሎች እያንዳንዱ አንዲት ዘር ብቻ ስለሚይዝ ከአንድ አበባ ከአንድ እስከ አራት የሚደርሱ፣ ውስጣቸው ጠጣር፣ ውጫቸው ሥጋማ የሆኑ ፍሬዎች ይገኛሉ።

ብሩስ ዋጊኖስን የቆላ ተክል አድርጎ ነው የገለጸው፤ ከሸለቆዎች ዳገት ላይ፣ ሰዎች በደም ተቅማጥ በሚሠቃዩበት ስፍራ ሁሉ እንደሚበቅል ጽፎ፣ መድኃኒቱ በበሽታው አገር መገኘቱን እንደ አምላክ ቸርነት ቆጥሮታል። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰቡት ናሙናዎች ግን በአብዛኛው የመጡት ከደጋና ከወይና ደጋ ጫካዎች ዳርቻ ነው። የአንድ ተክል መኖሪያ በአንድ መንገደኛ ዓይን ተወስኖ የሚቀር አይደለም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚደረግ አሰሳ የሚሟላ ዕውቀት ነው።

ብሩስ ሁለተኛ ሚስቱ በ1785 ከሞተችበት በኋላ ሐዘኑን ለመርሳት ወዳጆቹ ባደረጉት ግፊት መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። የዓባይን ምንጭ ለማግኘት ያደረገውን ጉዞ የሚተርከው ይህ ሥራ በ1790 በኤዲንብራ በአምስት ክፍል ታተመ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት የሚናገር ነው። ከጉዞው ብዙ ዓመት ቆይቶ በመጻፉ የቀንና የድርጊት መዘበራረቅ አለበት፤ ኩራቱም ከብዙ ገጽ ላይ ይታያል። ሆኖም ከእሱ በኋላ የመጡ መንገደኞች ብዙውን ነገር እውነት ሆኖ አገኙት። እሱ ግን ይህን ለማየት አልታደለም። በኤፕሪል 1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ በቤቱ ደረጃ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። በምጽዋ፣ በጎንደርና በኑቢያ ከሞት ያመለጠው ግዙፍ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ።

የስያሜ ነገር በብሩስ ዙሪያ ብዙ አስተማሪ ገጠመኝ አለው። ኮሶን ለታላቁ የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆን ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰይሞት ነበር። ነገር ግን ታናሹ ሊኔየስ በ1782 ይህንኑ የወገን ስም ለአውስትራሊያ ተክሎች ሰጥቶ ስለ ነበር የብሩስ ስያሜ ሊጸና አልቻለም። ጀርመናዊው ግሜሊን በ1791 ለኮሶ የኮኒግስበርጉን ፋርማሲስት የካርል ጎትፍሪድ ሐገንን ስም ሰጥቶ ሀጌኒያ አለው። በአንጻሩም ለእንሰት የአገሩን ስም እንዳለ ተቀብሎ ሙዛ እንሰቴ ብሎ መዘገበው። ስለዚህ ከአገሬው አንደበት የተወሰደ ቃል በዓለም የሳይንስ መዝገብ ለመግባት የሚያግደው ነገር እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ስሕተት የተፈጸመው ግን በመድኃኒት ቅመማ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ ለትኩሳት ይሰጥ ከነበረው አንጎስቱራ ከተባለው የደቡብ አሜሪካ ልጥ ጋር አንድ መርዛም ልጥ ተቀላቅሎ ሰው ጎዳ። ይህ የሐሰት አንጎስቱራ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከብሩሴያ የተገኘ ነው የሚል ግምት ተስፋፋ። ፈረንሳውያኑ ፔልቲዬና ካቫንቱ በ1819 ከዚያ ልጥ መርዛም ንጥረ ነገር አውጥተው በዚሁ ግምት መሠረት ብሩሲን ብለው ሰየሙት። ከጊዜ በኋላ ሲመረመር ልጡ ስትሪክኒን የሚገኝበት የእስያው የስትሪክኖስ ዛፍ ሆኖ ተገኘ። በብሩሴያ ወገን ተክሎች ውስጥ ብሩሲን የለም። ስሙ ግን አልተቀየረም፤ እስከ ዛሬም በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ የስሕተቱ ምልክት ሆኖ ይነበባል። የናሙናው ምንጭ ሳይረጋገጥ የተሰጠ ስም ምን ያህል ዘመን ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዋጊኖስ እውነተኛ ንጥረ ነገሮች የታወቁት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ምሬቱ የሚመጣው ኳሲኖይድ ከሚባሉት ውሑዶች ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የደም ተቅማጥ የሚያመጣውን አሜባና የወባን ተውሳክ በቤተ ሙከራ ውስጥ የመግደል ኃይል አሳይተዋል። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1973 ከዋጊኖስ ብሩሴአንቲን የተባለውን ውሑድ ማግኘታቸውን አስታወቁ። በእንስሳት የደም ነቀርሳ ላይ ያሳየው ብርታት ታላቅ ተስፋ አሳደረ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሕሙማን ላይ ሲሞከር ግን ዕጢውን ሊቀንስ አልቻለም፤ ብርቱ ማቅለሽለሽና የደም ግፊት መውረድንም ስላስከተለ ሙከራው ቆመ። ይህ ውጤት ለሁለት ወገን ትምህርት ይሰጣል። የባህል መድኃኒትን ከንቱ ነው ለሚለው፣ በተክሉ ውስጥ ብርቱ ኃይል መኖሩን ያሳየዋል፤ የተፈጥሮ የሆነው ሁሉ ጉዳት የለውም ለሚለውም፣ ያው ኃይል መርዝ ጭምር መሆኑን ያስገነዝበዋል። መጠኑ ሳይታወቅ የሚወሰድ ዋጊኖስ አደገኛ ነው።

ባሉጋኒም ቢሆን ለዘለዓለም ተረስቶ አልቀረም። በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባውን ምስጋና ያልተሰጠው ይህ ሠዓሊ የሣላቸው የዕፅዋት ሥዕሎች በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተጠብቀው ይገኛሉ። የዕፅዋት ሊቃውንት እያንዳንዱን ሥዕል መርምረው፣ ተክሉን ለይተው በ1991 በባሉጋኒ ስም በመጽሐፍ አሳተሙት። ከሞተ ከ220 ዓመት በኋላ ሥራው ከባለቤቱ ስም ጋር ተገናኘ።

ብሩስን መውቀስም ማድነቅም ቀላል ነው። የባልደረባውን ድርሻ ሸሽጓል፤ የቀደሙትን ሰዎች ምስክርነት ነፍጓል። በሌላ በኩል ግን መድኃኒቱን ያሳየው የቋራ ጠረፍ ሰው መሆኑን ሳይደብቅ ጽፏል፤ ዋጊኖስ የሚለውንም ስም እንደ ሰማው መዝግቦ ለትውልድ አስተላልፏል። የላቲኑ ስም በደንብ የጸና ስለ ሆነ የሚለወጥ አይደለም፤ ሊለወጥም አያስፈልግም። ከናሙናው ጋር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ግን ከላቲኑ ስም ቀጥሎ የአገሬው ስም፣ ተክሉ የተገኘበት ቀበሌ፣ ጥቅሙን የነገረው ሰው ማንነትና ሥዕሉን የሠራው እጅ ሊሰፍሩ ይችላሉ። በራስ ኤል ፊል ለሞት የቀረበውን መንገደኛ ያዳነው ዕውቀት ባለቤት ነበረው። ዛሬ ወደ ጫካ ዳር ወርዶ የዋጊኖስን ቅርንጫፍ ቆርጦ በወረቀት መካከል የሚያደርቅ ባለሙያ ሁሉ ያን ባለቤት የመጻፍ ዕድል በእጁ አለ።